ተሸጦ ያለቀው መጽሐፍ ያከሰረኝ እንዴት ነው

የመጀመሪያው የጨዋታ መጽሐፌ 300 ቅጂ ታትሞ በሰባት ወር አለቀ። ደሴ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። እናቴ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ያን ዕለት ማታ ደብተሬን አውጥቼ ወጪና ገቢውን ብደምር 7,880 ብር ከኪሴ ወጥቷል። ሁለቴ ደመርኩት፣ ያው ነው። ያልተሸጠ መጽሐፍ የለኝም፣ ገንዘብም የለኝም።

ይህን የምጽፈው የራሳችሁን ጨዋታ በወረቀት ልታሳትሙ ለምታስቡ ነው። ሰሞኑን ከወልዲያም ከኮምቦልቻም የሚደውሉልኝ ልጆች አሉ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ብለን እንሽጠው?» ይሉኛል። ሒሳብ ደግሞ በስልክ አይገባም። ስለዚህ የከሰርኩበትንም ያልከሰርኩበትንም ቁጥር እዚህ አስቀምጣለሁ።

ለማያውቁት በአጭሩ ልናገር። የሚና ጨዋታ ማለት አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ አብሮ የሚፈጥረው ተረት ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ። ያልታወቀውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። በመጽሐፍ መልክ መሸጥ የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1974 አሜሪካ ውስጥ ነው። ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንዳሉ ሆነው፣ ብቻቸውን ጽፈው፣ ብቻቸውን አሳትመው የሚሸጡ በሺዎች አሉ። እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። በቀን መምህርት ነኝ፣ ማታ ማታ ግመል እጭናለሁ።

ግመሉ የጨዋታው ነው። የኛ ጨዋታ ስለ ሲራራ ነጋዴዎች ነው። ተጫዋቾቹ ከአፋር በኩል የመጣውን አሞሌ ጨው ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ይረከቡና ወደ ደጋው ይወጣሉ። ጨዋታውን የሚመራውን ሰው «ነጋድራስ» ብለነዋል። ማታ ማታ ሲሰፍሩ አንድ ቅኝት ይመርጣሉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይ አንቺ ሆዬ። የነገው መንገድ በመረጡት ቅኝት ስሜት ይሄዳል። ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የተለመደው ሃያ ገጽታ ያለው ዳይስ ደሴ ውስጥ የት ይገኛል? ስለዚህ በሁለት የሉዶ ዳይስ እንዲሆን አደረግነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ያሰብከው ይሳካል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል፣ ግን ያስከፍልሃል። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ አልተሳካም፤ እንደ እንቆቅልሽ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተጫዋቹ አገር ይሰጣል፣ ነጋድራሱም አገሩን ተቀብሎ የመጣበትን ችግር እያስረዘመ ይተርካል። ሰው እየሳቀ የሚሸነፍበት ጨዋታ ነው።

የዳይሱ አጨዋወት የኔ ፈጠራ አይደለም። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በውጭ አገር ራሳቸው በሚያሳትሙ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው የተለመደ ነው። ይህን ማንሳቴ ብዙ ሰው «ሰረቅሽ አይባልም ወይ?» ስለሚለኝ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጃችን፣ ቁጥር 410/1996፣ ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም። የሚጠብቀው የተጻፈውን ቃልና የተሳለውን ሥዕል ነው። የጨዋታውን ሕግ መዋስ ትችላለህ፣ ዓረፍተ ነገሩን አትችልም። እኔ ሁሉንም በራሴ ቃል ጽፌ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ምስጋና አስገብቻለሁ።

መጀመሪያ ላይ የማሳተም ሐሳብ አልነበረኝም። ፒዲኤፍ ሠርቼ በቴሌግራም እበትን ነበር። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት ቆየ። ጨዋታውን የሚፈልግ ሰው በፍላሽ እየመጣ ይወስድ ጀመር። አንድ ቀን አንድ የባጃጅ ሾፌር ፎቶ ኮፒ አድርጎ በሽቦ የጠረዘውን አሳየኝ። ገጹ ተገልብጧል፣ 17 ቁጥር ሁለት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ 90 ብር አውጥቶበታል። ያኔ ነው «ለዚህማ እኔው ላሳትመው» ያልኩት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ኅዳር 2016 ላይ 64 ገጽ፣ ኤ5 መጠን፣ ውስጡ ጥቁርና ነጭ፣ ሽፋኑ ባለቀለም አድርጌ አዲስ አበባ አሳተምኩ። 300 ቅጂ ከነቫቱ 22,500 ብር። ለሠዓሊው 6,000 ብር፣ ላረመችልኝ ልጅ 2,000 ብር፣ ለመንገድና ለጭነት 1,500 ብር። ድምሩ 32,000 ብር ነው። ለ300 ሲካፈል አንዱ 107 ብር ገደማ ፈጅቷል። እኔ ይህን ማካፈል ያካፈልኩት መቼ ነው? ከሸጥኩ በኋላ! ዋጋውን ሳወጣ ያየሁት የማተሚያ ቤቱን ቁጥር ብቻ ነበር። 75 ብር አሳተምኩ፣ 120 እሸጣለሁ፣ 45 ብር አተርፋለሁ። ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

45 ብር ትርፍ የሚባል ነገር አልነበረም። የመጽሐፍ መደብሮቹ ከመቶ 30 ይወስዳሉ። ከ120 ላይ 36 ብር ሲነሳ የሚደርሰኝ 84 ነው። አንዱ 107 የፈጀ መጽሐፍ በ84 ብር። በመደብር በኩል አንድ ቅጂ በተሸጠ ቁጥር 23 ብር እየመረቅሁ ነበር ማለት ነው። 140 ቅጂ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። 103ቱን በእጄ በሙሉ ዋጋ ሸጥኩ። ሁለቱ ተደምሮ 24,120 ብር ገባ።

140 እና 103 ስትደምሩ 243 ነው። የቀሩት 57 የት ሄዱ? 12ቱን የደሴ እርጥበት በላቸው። ካርቶኑን አልጋ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬው ነበር። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲያርፍ ግድግዳው እንደሚያልብ እያወቅሁ። ወረቀቱ ተጣበቀ፣ ሻገተ። (እንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጡ፣ ከግድግዳ አርቁ፣ በላስቲክ ጠቅልሉ። ይህቺ ምክር ብቻዋን 1,284 ብር ታወጣለች።)

45ቱን ግን ይሉኝታ ነው የበላው።

ይሉኝታን ለወሎዬ ማስረዳት ለግመል ጨው እንደማሳየት ነው። ግብር ይበላበት የነበረው አይጠየፍ አዳራሽ ባለበት ከተማ ተወልጄ፣ ቤቴ የመጣን ሰው «ክፈል» ማለት ከአፌ አይወጣም። የአክስቴ ልጅ መጣ፤ «ለኔም ልትሸጪ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሰጠሁት። የሥራ ባልደረቦቼ መጡ፤ «ፈርመሽ ስጪን» አሉ። ፈርሜ ሰጠሁ። ጎረቤታችን ስለ ጨዋታው ምንም ሳታውቅ «ልጅቷ መጽሐፍ አወጣች» ብላ ለደስታዋ ወሰደች። እሷን አልቆጥርባትም፣ እሷ በእንጀራ ከፍላኛለች። ሌላው ሁሉ ግን በፍቅር አራቆተኝ።

ዋጋውንም ቢሆን ያወረደው ይሉኝታ ነው። 150 ልበል ብዬ አስቤ ነበር። «ሰው ምን ይላል? ለ64 ገጽ?» ብዬ ራሴን ቀነስኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ገና ገዢ ሳይመጣ ከራሴ ጋር ተከራክሬ ተሸነፍኩ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉ አንድ የመጽሐፍ መደብር ባለቤት አሉ። ሐጂ ነው የምንላቸው። የመጀመሪያውን 20 ቅጂ ይዤላቸው ስሄድ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ዋጋውን አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ስንት ወር ፈጀብሽ?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል ሐጂ።»

«ታዲያ ዋጋው ራሱ መጽሐፉን ይሰድበዋል። ሰው ርካሽ ነው ብሎ አያነሳውም፤ የልጅ ሥዕል ማቅለሚያ ይመስለዋል።»

«ሰው እንዳይከብደው ብዬ ነው እኮ።»

«ለሰው ያሰብሽውን ለራስሽ ማን ያስብልሽ? ግዴለም፣ አብሽሪ። የኋላው ሽፋን ላይ አትመሽዋል፣ አሁን ምንም አይደረግም።»

እውነታቸውን ነበር። ዋጋውን ሽፋኑ ላይ አሳትሜዋለሁ። እኛ አገር የተለመደ ነው፣ ገዢም ይተማመንበታል። ነገር ግን ወረቀት በየወሩ በሚጨምርበት ጊዜ የታተመ ዋጋ እጅ ያስራል። አሁን በትንሽ ማኅተም እመታዋለሁ። የማኅተሙ ቁጥር ይቀየራል።

ኪሳራው ራሱ ብዙም አላመመኝም። ያመመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሰኔ 2016 ላይ መጽሐፉ አልቆ ሰው ይጠይቃል። ገንዘብ ቢኖረኝ ወዲያው አሳትም ነበር። አልነበረኝም። «ደሞዝ ልጠብቅ» ስል ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምናትምበት ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ቀለሙም፣ ገጹ የሚቀረጽበት ቆርቆሮ፣ ፕሌቱም እንዲሁ። 22,500 ያሳተምኩትን 300 ቅጂ በቀጣዩ ዓመት ስጠይቅ 42,000 ተባልኩ። ርካሽ የሸጥኩላቸው ሰዎች ጓደኞች ደግሞ መጽሐፉን አጡት። ለአንባቢ አዘንኩ ብዬ ቀጣዩን አንባቢ ጾም አሳደርኩ።

ሁለተኛውን እትም በ2017 ዓ.ም. አወጣሁት። በዚህኛው መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ ማተሚያ ቤት።

ከማተሚያ ቤቱ አንድ ዋጋ አትቀበሉ። ቢያንስ ለሦስት ዓይነት ብዛት ፕሮፎርማ አስወጡ። ለኔ የመጣልኝ እንዲህ ነበር። 300 ቅጂ 42,000፣ 400 ቅጂ 48,000፣ 1,000 ቅጂ 84,000 ብር። በነፍስ ወከፍ 140፣ 120 እና 84 ብር መሆኑ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? በብዛት በሚያትመው ኦፍሴት ማሽን ላይ ፕሌት ማውጣቱ፣ ማሽኑን ማዘጋጀቱና ቀለም ማስተካከሉ ለ300ም ለ1,000ም ያው ነው። ቁጥሮቹን ብትቀናንሷቸው በኔ ላይ ያ ቋሚ ወጪ 24,000 ብር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቅጂ የሚጨምረው 60 ብር ብቻ ነው። 50 ወይ 100 ብቻ ለሚፈልግ ዲጂታል ኅትመት ይሻላል፤ ፕሌት የለውም። የአንዱ ዋጋ ግን ይወደዳል፣ ብዛቱ ቢጨምርም እምብዛም አይወርድም።

ያ 84 ብር ያጓጓል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። 1,000 ቅጂ ማለት 84,000 ብር ዛሬ ከኪስ ወጥቶ፣ ምናልባት 600 መጽሐፍ አልጋ ሥር ከጉም ጋር ሲታገል ማለት ነው። የመጀመሪያውን 300 ለመጨረስ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ስለዚህ 400 አልኩ። በዓመት የምሸጠውን።

ከዚያ ወጪውን ሁሉ ጻፍኩ። ኅትመት 48,000። ሠዓሊው 15,000። እርማት 6,000። ናሙና ለማየት መመላለሻና ጭነት 5,000። አምስተኛው መስመር ላይ ብዕሬ ቆመ። የራሴ ድካም። ምን ብዬ ልጻፍ? ማታ ማታ የሠራሁበትን ሰዓት ሁሉ ብቆጥር መጽሐፉን የሚገዛው አይገኝም። ዜሮ ብጽፍ ደግሞ ያው የመጀመሪያው እብደት ነው። አንዲት ወዳጄ «ሌላ ሰው ቀጥረሽ ሌይአውቱን፣ የገጹን አቀማመጥ፣ ብታሠሪ ስንት ትከፍዪዋለሽ?» አለችኝ። 16,000 ብር ተባልኩ ብዬ ነገርኳት። «ያንኑ ጻፊ» አለች። ጻፍኩት። ድምሩ 90,000 ብር።

አሁን ይህን ለ400 አታካፍሉ። ተሳስታችኋል። ከመቶ አሥሩን ገና ከመነሻው እንደ ጠፋ ቁጠሩት፤ ለስጦታ፣ ለናሙና፣ ለተበላሸ፣ ለአክስት ልጅ። 360 ይቀራል። 90,000 ለ360 ሲካፈል 250 ነው። ይህ መሸጫ ዋጋ አይደለም። ለኔ መድረስ ያለበት ገንዘብ ነው። ግማሹ በመደብር በኩል፣ በ30 በመቶ ቅናሽ፣ ግማሹ በእጄ ይሸጣል ብዬ ሳስብ፣ በአማካይ ከአንዱ ዋጋ 85 በመቶው ይደርሰኛል። ስለዚህ 250 ለ0.85 ሲካፈል 294 ብር ይሆናል። በ294 ብሸጥ አልከስርም፣ ቀጣዩን ግን አላሳትምም። 350 አደረግሁት። ሁሉም ከተሸጠ 107,100 ይገባል፣ 17,100 ብር ለሚቀጥለው ኅትመት ይቀመጣል። ለቋሚ ወጪው እንኳ አይበቃም፤ ግን ደሞዝ ከመጠበቅ ያድናል።

የውጭዎቹ ጸሐፊዎች ዘንድ «የኅትመት ወጪህን በአምስት አባዛ» የሚል ልማድ አለ። ስሰማው ስግብግብነት መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን ሳውቅ ገባኝ። እነሱ ጋ በደራሲውና በሱቁ መሃል ጅምላ አከፋፋይ አለ፤ አከፋፋዩ መጽሐፉን የሚረከበው ሽፋኑ ላይ ካለው ዋጋ 40 በመቶ አካባቢውን ብቻ ከፍሎ ነው። እንግዲህ ዋጋው አምስት እጥፍ ካልሆነ ለደራሲው ምን ይተርፈዋል? እኔ በዚያ ስሌት 600 ብር ማለቴ ነው። ደሴ ላይ 600 ብር ማን ይሰጠኛል? መሃል ላይ አከፋፋይ ስለሌለኝ ሦስት እጥፍ ገደማ በቃኝ። እጥፉን ከማንም አትቅዱ። በመሃላችሁ ስንት እጅ እንዳለ ቁጠሩ።

350 ሲባል መጮህ አልቀረም። «በ120 የገዛሁት እኮ ነው!» ያለኝ ብዙ ነው። ለነሱ ይህንኑ የደብተር ገጽ ፎቶ አንስቼ አሳየኋቸው። አልቀልድም፣ ስልኬ ላይ አለ። ሠዓሊው ስንት እንዳገኘ፣ መደብሩ ስንት እንደሚወስድ፣ እኔ ስንት እንደሚደርሰኝ። ካዩት ውስጥ የተከራከረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የሒሳብ መምህር ነው፤ የተከራከረው «ለጠፋ 10 በመቶ በዛ» ብሎ ነው። ሁለት ሰው ምሳ ከነለስላሳው የሚበላበትን ገንዘብ ለአምስት ሰው ለወራት ጨዋታ መክፈል ውድ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። ግን የኔ አስተያየት ነው፣ ተማሪ ላይ ይከብዳል።

ለተማሪው ያደረግነው ይህ ነው። በውጭ አገር ኢች የሚባለው የጨዋታ መሸጫ ላይ ብዙ ደራሲዎች አቅም ለሌለው ሰው የሚተዉት ነጻ ቅጂ አለ፤ አቅም ያለው ጨምሮ ሲከፍል የነጻዎቹ ቁጥር ይጨምራል። እኛ «የአብሽር ቅጂ» አልነው። የሚችል 450 ይከፍላል። ሁለት ሰው እንዲህ ሲያደርግ 200 ብር ይጠራቀማል። በዚያ አንድ ተማሪ በ150 ይገዛል። እኔ ያው 350ዬን አገኛለሁ፤ ምጽዋቱ ከኪሴ አልወጣም። እስካሁን 19 የአብሽር ቅጂ ወጥቷል። ማን ከፈለለት ማን ወሰደ አይነገርም። ሐጂ ናቸው እንደዚያ ይሁን ያሉት፤ «ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ» ብለው። ከ19ኙ አራቱን ራሳቸው ከፍለዋል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ፒዲኤፉን 100 ብር አድርጌዋለሁ፣ በቴሌብር። ወረቀቱን ለገዛ በነጻ ነው። እንደሚቀባበሉት አውቃለሁ። ብዙም አልቆጣም። ፒዲኤፉን አይተው ወረቀቱን የገዙ አሉ።

ከመደብሮች ጋር ስትስማሙ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ተሸጦ የሚከፈል ነው፤ 30 በመቶ። ሌላው መደብሩ ዛሬውኑ በጥሬ ገንዘብ ይገዛችኋል፣ ግን 35 ወይ 40 ይቆርጣል። እኔ አሁን ሩቅ ለሆነ መደብር ጥሬውን እመርጣለሁ። አንድ ሌላ ከተማ ያለ መደብር በመጀመሪያው እትም 25 ቅጂ ወስዶ ገንዘቡን ለማግኘት አራት ወር ደውዬለታለሁ። የስልክ ካርዱ ትርፉን በላው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ጭነቱ ይቆማል፤ ኮምቦልቻ እንኳ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችው፣ አንዳንድ ቀን ሩቅ አገር ትሆናለች። ሰጥታችሁ ስትወጡ ቁጥሩና ቀኑ ያለበት ወረቀት አስፈርሙ። ዘመድም ቢሆን።

ከሠዓሊውም ጋር እንዲሁ። አንድ ገጽ ውል ጻፍን። ሥዕሉ ለዚህ እትም 15,000 ነው፤ በድጋሚ ስናትም ሌላ 3,000 ይከፈለዋል። ለመጀመሪያው እትም በቃል ነበር የተስማማነው፤ ሁለተኛውን ስናስብ «እንደገና ትከፍዪኛለሽ ወይስ ያው ነው?» ሲለኝ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ዋጋው ፍትሐዊ ነው የምለው ገዢው ስላልጮኸ ብቻ አይደለም፤ ይህ ልጅ መሬት ማየቱን ስላቆመ ነው።

ስለ ኅትመቱ ሙያ የማውቀው ትንሽ ነው፣ ግን የከፈልኩበት ነው።

በሽቦ ለሚሰፋ ጥራዝ ገጻችሁ ለ4 መካፈል አለበት። የኔ 61 ነበር፣ 64 ሆነ። ትርፍ ሦስቱን ባዶ አትተዉ። እኛ ነጋዴውን የሚመዘግቡበት ቅጽና ለሰውና ለቦታ የሚሆኑ ስሞች ዝርዝር አስገባንበት፤ አሁን ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቀምበት ገጽ እሱ ነው። ሽፋኑ ላይ የሚቆረጥ ትርፍ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ተዉ። ቀለሙን በስክሪን አትመኑ። ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳየው፣ ማተሚያው በአራት ቀለም ነው። ሠዓሊያችን ጦሳን ማታ ላይ አድርጎ የሳለው ደማቅ ብርቱካን፣ ሲታተም እንደ ቆየ ሽሮ ሆነ። ሰማዩን ማለቴ ነው።

ፊደሉ ዋናው ራስ ምታት ነው። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ክፍል ነበረኝ። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ወጣ። ሁሉንም በዩኒኮድ ጻፉ። አቢሲኒካ ወይ ኖቶ የሚባሉት የዩኒኮድ ፊደሎች በነጻ ይገኛሉ፤ ፒዲኤፉን ስታወጡ ፊደሉ ውስጡ መካተቱን አረጋግጡ። መጠኑንም አታሳንሱ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በ9 ይነበባል፣ የኛን ሐ እና ሕ በ9 ለመለየት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። 11 አድርጉት። ገጽ ይጨምራል፣ ዋጋም ይጨምራል፣ ግን ማታ በሻማ የሚጫወት ሰው አለ። መብራት መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል?

ናሙና ሳታዩ «እትሙ» አትበሉ። እኔ በስልክ «እሺ» ብዬ በሦስት ቦታ «ገጽ 00ን ተመልከት» የሚል ታተመ። ቁጥሩን በኋላ እሞላዋለሁ ብዬ ረስቼው ነው። እስካሁን ተጫዋቾች አንድ ነገር ሲጠፋባቸው «ገጽ 00 ላይ አለ» ይላሉ። ቀልድ ሆኖ ቀረ።

የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን፣ ያንን 13 አሃዝ (ISBN)፣ አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ነው የሚሰጠው። ከኅትመት በፊት ውሰዱ። ያለሱም ይሸጣል፣ ግን አንዳንድ መደብርና ቤተ መጻሕፍት ይጠይቃል።

ከሁለተኛው እትም 400 ቅጂ አሁን እጄ ላይ 71 ቀርቷል፤ እንጨት ርብራብ ላይ ነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሏል። በስጦታ የወጣው 22 ነው። ስማቸው በደብተሩ አለ፣ ለማን ለምን እንደሰጠሁ ተጽፏል። ለሦስተኛው ፕሮፎርማ ጠይቄአለሁ። ወረቀት እንደገና ጨምሯል፤ በመጪው መስከረም ማኅተሙ 400 ይሆናል ብዬ ለመደብሮቹ ከወዲሁ ነግሬአለሁ።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት መጣ። የመጀመሪያውን ቅጂ አንድ ሰው ወስዶበት ቀርቷል። ቡናውን ጠጣ፣ ወሬ አወራ፣ ዞር ዞር አለ፣ ወደ ካርቶኑ አየ። እኔም ዝም አልኩ። አፌ ላይ «ውሰድ» የሚለው ቃል መጥቶ ነበር፤ ቡና ቀዳሁለት። በመጨረሻ ስልኩን አወጣ። የኔም ስልክ ጮኸ። ቴሌብር 349 ብር።

«አንዷ ብርስ?» አልኩት።

«እሷማ ለዝምድና ናት» አለ።